አራስ ጥየቃ ስልክ ውስጥ የገባ ጊዜ

እህቴ ሜሪላንድ ውስጥ በሚያዝያ 2012 ወለደች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። እናታችን ለመሄድ ከጥር ጀምሮ ስትዘጋጅ ነበር የከረመችው። የአጥሚት እህሉ ተፈጭቷል። ቅቤው ተነጥሮ በላስቲክ ዕቃ ታሽጓል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ለሕፃኑ የተገዛው ፎጣ ሁሉ ሻንጣ ገብቷል። የቀረው ቪዛ ብቻ ነበር። መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት የአሜሪካ ኤምባሲዎች በዓለም ዙሪያ መደበኛ የቪዛ አገልግሎት አቋረጡ። ሻንጣው እንደታሸገ ቀረ።

እህቴ በወለደች በአምስተኛው ቀን ገንፎ አማራት። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ገንፎ አገንፍቶ አያውቅም። እሷ በኦፕራሲዮን ስለወለደች ምድጃ ጋ መቆም አትችልም። ስለዚህ ቫይበር ተከፈተ። እማዬ ሳሎን ተቀምጣ፣ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ፣ ባሕር ማዶ ያለ ምድጃ ማዘዝ ጀመረች። «ውሃው በደንብ ይፍላ የኔ ልጅ። ጨው ጣል አድርግበት። አሁን ዱቄቱን ቀስ እያልክ... አማስል! እጅህን አታሳርፍ፣ ጓል ይሠራል!» እኛ የምናየው የድስት እንፋሎትና የባሏን ክርን ነው። እነሱ የሚያዩት የእማዬን ግንባርና የቤታችንን ኮርኒስ ነው።

ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ገንፎው ጓል በጓል ሆነ። እህቴ ግን በላችው። እየበላች አለቀሰች። እማዬም ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ስለዚያ ዘመንና ስለ ኢንተርኔት ብዙ ተብሏል። ቤት ሆኖ ስለመሥራት፣ ስለ ዙም ስብሰባ፣ ስለ ሐሰተኛ ወሬ ተጽፏል። እናቶች ስልካቸው ላይ ምን ሲሠሩ እንደነበር ግን እምብዛም አልተነገረም። እኔ አብዝቼ የሰማሁት «ስልክ ላይ ተጥዳ ትውላለች» የሚለውን ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ እኔም አዲስ አበባ ወልጃለሁ። እኔም ስልክ ላይ ተጥጄ ከርሜያለሁ። እዚያ ያየሁት ግን ሥራ ነው። ሌሊት የሚሠራ፣ የማይከፈልበት፣ ማንም ያልቆጠረው ሥራ።

መጀመሪያ ምን እንደተቋረጠ እንይ። የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። መጨባበጥም ተከለከለ።

ለብዙ ሰው ይህ ማለት ሠርግና ስብሰባ ቀረ ማለት ነው። ለአራስ ግን ሌላ ትርጉም አለው። እኛ አገር የወለደች ሴት ብቻዋን አትተኛም። «አራስ ብቻዋን አትተውም» ይባላል። ለምን ሲባል አንዳንዱ መጥፎ መንፈስ ያገኛታል ይላል፤ ከትራሷ ሥር ብረት የሚያስቀምጥም አለ። ምክንያቱን ማመንና አለማመን የየሰው ጉዳይ ነው። የልማዱ ጥቅም ግን ለእኔ ግልጽ ነው። ገና የወለደች ሴት ደም ሊፈሳት ይችላል። ትኩሳት ሊይዛት ይችላል። ልቧ ሊከፋ፣ ቀኑ ሊጨልምባት ይችላል። ያኔ አጠገቧ ሌላ ሴት አለች። እናቷ ሕፃኑን ታጥባለች። ጎረቤት አጥሚት ይዛ ትመጣለች። አክስት ልብሱን ትወስዳለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የሚገባው ሁሉ ዓይኑን ጣል ያደርግባታል። «ፊትሽ ገርጥቷል፣ እስኪ ብይ» የምትል ቢያንስ አንዲት ሴት አትጠፋም። የቤት ለቤት የጤና ክትትል ማለት ነው፣ ስሙ ባይሆንም።

አዋጁ ያቋረጠው ይህን ነው። ሰው ደግሞ ከአዋጁ በላይ ፈርቶ ነበር። አራስ ልጠይቅ ብሎ በሽታ ይዞ መግባትን የመሰለ ነውር የለም። ዕቃውን በር ላይ አስቀምጦ፣ በመስኮት እጁን አውለብልቦ የሚመለስ ሰው አይቻለሁ። ጎረቤታችን ያሉ እትዬ በፌስታል የቋጠሩትን የአጃ ዱቄት የግቢ በር ላይ አንጠልጥለው «ልጄ፣ አውጪና ውሰጂ» ብለው ጮኸው ሄዱ። ድምፃቸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ታዲያ ሴቶቹ የት ሄዱ? ወደ ስልካቸው ነዋ።

እኔ የገባሁበት የቴሌግራም ግሩፕ የነፍሰ ጡሮችና የአራሶች ነበር። ጓደኛዬ ናት ያስገባችኝ። መጋቢት ላይ ስገባ ጥቂት መቶ ሴቶች ነበርን። ሰኔ ላይ ብዙ ሺህ ሆንን። ለምን ቴሌግራም ቢባል፣ ምክንያቱ ቀላል ነው። በደካማ ኔትወርክም ይሠራል። ቮይስ መላክ ይቻላል፤ መጻፍ የማይመቻት፣ ወይም አንድ እጇ ሕፃን የያዘ ሴት ትናገራለች። ስልክ ቁጥርሽን መደበቅ ትችያለሽ። ይህ የመጨረሻው ለሴቶች ትልቅ ነገር ነው። ስለ ጡት፣ ስለ ስፌት፣ ስለ ደም፣ ስለ ባል ስትጠይቂ ማን እንደሆንሽ ባይታወቅ ይሻልሻል። ፌስቡክ ላይ የአጎትሽ ልጅ ያይሻል።

ግሩፑ የሚደምቀው ሌሊት ነው። ቀን ሥራ አለ፣ ልጅ አለ፣ ባል አለ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ግን ጡት የምታጠባ ሴት ሁሉ ነቅታለች። አንድ እጅ ሕፃን፣ አንድ እጅ ስልክ። የሌሊት ፓኬጅም ይረክሳል። «ማን አለ?» ትላለች አንዷ። «አለሁ» «አለሁ» «እኔም አለሁ እህት» እያለ መልሱ ይዘንባል። ብዙ ጊዜ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም። እኔ ግን ያ «አለሁ» ስንት ሴት እንዳቆየ አውቃለሁ። አንዲት እናት ልጇን ስታይ ምንም እንደማይሰማት፣ ሲያለቅስ ጥላው ብትሄድ እንደምትመኝ ስሟን ደብቃ ጻፈች። እንዲህ ያለ ነገር አራስ ቤት ውስጥ፣ አማት ፊት ማን ይናገራል? በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች «እኔም እንዲሁ ነበርኩ» አሏት። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት የሚባል በሽታ እንዳለ፣ እንደሚታከምም እኔ ራሴ የተረዳሁት ያን ሌሊት ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልምጣ። ግንቦት ላይ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ አንዲት እናት ቮይስ ላከች። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። ትናንት ንጋት ላይ ነው የወለደችው። ከጤና ጣቢያው የወጣችው በዚያው ቀን ነው፤ «ኮሮና አለ፣ ቶሎ ሂጂ» ተብላ። የልጇ ፊት ቢጫ ሆኗል። ጡት አልይዝ ብሏል፣ እንቅልፍ ያበዛል። ፎቶ ላከች። አምፖሉ ራሱ ቢጫ ስለሆነ ከፎቶው ምንም አይለይም።

መልሱ ጎረፈ። «የወፍ በሽታ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ አሙቂው።» «የኔም እንዲሁ ነበር፣ በሳምንቱ ለቀቀው።» «ስኳር በውሃ በጥብጠሽ በማንኪያ ስጪው።» «ሆስፒታል እንዳትወስጂው፣ ኮሮና ይዞ ይመጣል።» ሁሉም በቅንነት ነው። ሁሉም ከራሷ የደረሰውን ነው የምትናገረው። ከእነዚህ መልሶች ሦስቱ ግን ሕፃኑን ሊገድሉት ይችሉ ነበር።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ አንዲት ሴት ገባች። አዋላጅ ነርስ ናት። ተረኛ ሆና ሥራ ላይ ነበረች። ረጅም አልተናገረችም። «እህቴ ስሚኝ። ልጁ ከተወለደ 24 ሰዓት ሳይሞላው ቢጫ ከሆነ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ጡት ካልያዘና እንቅልፍ ካበዛ ደግሞ አይጠበቅም። አሁኑኑ ተነሺ። ማስክ አድርጊ። ውሃ አትስጪው፣ ስኳር አትስጪው። የት አካባቢ ነሽ?» ከዚያ በውስጥ መስመር ተነጋገሩ። በሦስተኛው ቀን እናትየው ተመልሳ ጻፈች። ልጁ የብርሃን ሕክምና ላይ ነበር። ደህና ነው።

ሕክምናው የሚለውን በግልጽ ላስቀምጥ፣ ዛሬም የሚጠቅማት እናት ትኖራለችና። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሚታይ ቀለል ያለ ቢጫነት በብዙ ሕፃናት ላይ ይከሰታል፣ በራሱም ይለቃል። ቢሆንም ለጤና ባለሙያ ማሳየት ነው። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ከታየ፣ ወይም መዳፍና የእግር ውስጥ ድረስ ከደረሰ ግን አደጋ ነው። ጡት አለመያዝ፣ ትኩሳት፣ የሰውነት መቀዝቀዝ፣ ማንቀጥቀጥ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስም የአደጋ ምልክቶች ናቸው። ለዚህ የፀሐይ ሙቀት መድኃኒት አይሆንም።

ሐሰተኛ ወሬው ሁሉ እንዲህ ለሕይወት የሚያሰጋ አልነበረም። መጋቢት ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ዋጋቸው ጣሪያ ነክቶ ነበር፤ ሁሉም በቴሌግራም የተላከለትን አንብቦ ገበያ ወጣ። ፌጦም አልቀረም። ዝንጅብል ያፈላች እናት ቢያንስ አልተጎዳችም። የጎዳው ጡት ማጥባትን የተመለከተው ወሬ ነው። «ቫይረሱ በጡት ይተላለፋል» የሚል መልእክት ከግሩፕ ግሩፕ ሲዞር ከረመ። ስላሳላት ብቻ ጡት አቁማ የቆርቆሮ ወተት የጀመረች ሴት አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ያኔም ሲል የነበረው ተቃራኒውን ነው። እናት ኮቪድ ቢኖርባት እንኳ እጇን ታጥባ፣ ማስክ አድርጋ ጡት ማጥባት ትችላለች ነበር የሚለው። ውሃ በየሦስት ቀኑ በሚመጣበት ሰፈር በጡጦ ማጥባት ራሱ ተቅማጥ ይዞ እንደሚመጣ ማንም አላስረዳቻትም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ጤና ሚኒስቴር በየቀኑ ስንት ሰው ተመረመረ፣ ስንት ሰው ተያዘ እያለ ያሳውቅ ነበር። 8335 እና 952 የሚባሉ ነፃ የስልክ መስመሮች ነበሩ። እነዚህ ጥሩ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን አራስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የምትፈልገው ቁጥር አይደለም። ስለ ኮሮናም ላይሆን ይችላል ጥያቄዋ። ልጇ ለምን እንደሚያለቅስ ነው። ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መንግሥታዊ መስመር አላየሁም። ያለችው ያቺ አዋላጅ ነበረች፣ በራሷ ስልክ፣ በራሷ ካርድ።

ከዚያ ሰኔ መጣ። እኔ ወለድኩ። አሜሪካ ሳትሄድ የቀረችው እማዬ ለእኔ ሆነች፤ ጠቅልላ ቤቴ ገባች። ልጄ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፣ ሰኔ 22 ሌሊት ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ያኔ ኢትዮ ቴሌኮም ብቸኛው አገልግሎት ሰጪ ነበር፤ እሱ ሲጠፋ ሌላ የምትይዥው መስመር የለም። ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ሐምሌ 16 አካባቢ ነው። ሦስት ሳምንት አለፈ።

ያን ሦስት ሳምንት ሳስበው እኔና እህቴን አነፃፅራለሁ። አንድ እናት ያለን ሁለት ሴት ልጆች ነን። ሁለታችንም በሦስት ወር ውስጥ ወልደናል። እኔ የእማዬ እጅ አለኝ። ግሩፑ ሲጠፋብኝ ሌሊቱ ረዘመብኝ እንጂ፣ ሕፃኑን የሚቀበለኝ ሰው ነበር። ያጠበችልኝ፣ ያሸችልኝ፣ አጥሚቱን ያፈላችልኝ እማዬ ናት። እህቴ ግን የነበራት በስልክ የሚታይ የእማዬ ግንባር ብቻ ነበር። ያም ጠፋባት። በመደበኛ ስልክ ስትደውል በየደቂቃው ገንዘብ ይቆርጥባታል፤ ባሏ የሚያሽከረክረው ኡበር ከመጋቢት ጀምሮ ሥራ የለውም። አምስት ደቂቃ ታወራለች። «ደህና ነኝ እማዬ፣ አታስቢ» ትላለች። በቪዲዮ ቢሆን እማዬ ፊቷን አይታ ውሸቷን እንደሆነ ታውቅ ነበር።

የሚገርመው ሌላ ነገር በዚያው ሰሞን መሆኑ ነው። አገር አቀፍ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ተካሂዶ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተከተቡ። ወረርሽኝ አለ፣ ኢንተርኔት የለም፣ ሰው ከቤት መውጣት ይፈራል። እናቶቹ ታዲያ በምን ሰሙ? ከሰው ነው የሰሙት። የእኛን ሰፈር የዞሩት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፣ ማስክ አድርገው፣ ዣንጥላ ይዘው፣ በዝናብ። አንዷ ደጃፍ ላይ ቆማ «ስንት ልጅ አለ? ስንት ወሩ ነው?» እያለች መዝገቧ ላይ ትጽፋለች። ፕሮግራሙ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አለ። በአገሪቱ ወደ 40,000 የሚጠጉ ሠራተኞች አሉት። ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። ያን ጊዜ ያለ ቴሌግራም የሠራው አውታር እሱ ነው።

ይህን የምለው ስልኩን ለማጣጣል አይደለም። ማን ከስልኩ ውጭ እንደነበረ ማየት ስለሚያስፈልግ ነው። የዓለም ባንክ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የኮቪድን ጉዳት የሚለካ የስልክ ጥናት ሲጀምር መደወል የቻለው ስልክ ላላቸው ቤቶች ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው መረጃ መሠረት በገጠር ስልክ ያለው ቤተሰብ 40 በመቶ ገደማ ነበር። ስልኩም ቢኖር በባል እጅ ነው፣ ያውም ኢንተርኔት የሌለው። በ2011 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ በጤና ተቋም የሚወለደው ሕፃን 48 በመቶ እንደሆነ ይናገራል። ከግማሽ በላዩ ቤት ውስጥ ነው የሚወለደው ማለት ነው፤ ያውም ከኮሮና በፊት። እነዚያ እናቶች ከሌሊቱ 9 ሰዓት «ማን አለ?» የሚሉበት ቦታ አልነበራቸውም። እኛ በግሩፑ ውስጥ ብዙ ነን ስንል ከተማ ውስጥ ያለን፣ ዳታ መግዛት የምንችል ሴቶች ነበርን።

ከተማ ውስጥም ቢሆን ስልክ ያላት ሁሉ እኩል አልነበረችም። ትምህርት ሲዘጋ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤት ቀረ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት አስተላለፉ። የግሎቹ ወርክሺት በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። አጠገቤ የምትኖር ሴት ሦስት ልጆች አሏት፤ የሁለተኛ፣ የአምስተኛና የስምንተኛ ክፍል። ቤቱ ውስጥ ስማርት ስልክ አንድ ነው። እሱንም ባሏ ይዞት ሥራ ይሄዳል። ማታ 2 ሰዓት ሲገባ ልጆቹ ስልኩ ላይ ይረባረባሉ። እሷ ጥያቄዎቹን በእጇ ደብተር ላይ ትገለብጣለች፤ ማተሚያ ቤት ዝግ ነው፣ ቢከፈትም ብር የለም። ሲሠሩ ፎቶ አንስታ ትልካለች። እሷ የተማረችው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ እየገለበጠች ሌሊቱን ታጋምሳለች። የስልኩ ሜሞሪ ሲሞላ ለማጥፋት የምትመርጠው ፎቶ የራሷን ነው። አንድ ቀን መምህሩ «የልጅዎ ሥራ ዘግይቷል» ብሎ ጻፈላት። እንዴት እንደሆነች አይቻለሁ። «ቤትሽን አትጠርጊም» ተብላ እንደተሰደበች ያህል ነው የቆጠረችው።

አሜሪካም ያሉት ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። ላፕቶፕ ለልጆቹ ተሰጥቷል። የእህቴ ሰፈር የሚገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች መልእክት የሚያስተላልፉት በአማርኛም ጭምር ነው። ግን የአንደኛ ክፍል ልጅ ዙም ላይ ብቻውን አይቀመጥም። ፓስወርዱን የምታስገባው፣ ማይኩን የምታጠፋው፣ «ቁጭ በል» የምትለው እናት ናት። ማታ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሠርታ የገባችም ብትሆን።

ከሁሉ የሚያመኝ ግን የዓረብ አገሮቹ ነው። ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ በሰው ቤት የሚሠሩ ብዙ እህቶቻችን እናቶች ናቸው። ልጃቸውን ለአያት ትተው ነው የሄዱት። ለእነሱ ኢሞ ማለት ልጅ ማሳደጊያ ነው። ልጁ ጥርስ ሲያወጣ፣ ዩኒፎርም ሲለብስ፣ ፈተና ሲወድቅ ያዩት በኢሞ ነው። ኮሮና ሲመጣ የቤቱ ሰው ሁሉ ቤት ዋለ። ሥራው በዛ፣ ዕረፍት ጠፋ። አሠሪዋ ስልክ የሚነጥቃት ሴት ልጇን ማየት አቆመች። ሊባኖስ ውስጥ ደግሞ የኢኮኖሚው ቀውስ ተጨመረ። ግንቦትና ሰኔ ላይ አሠሪዎቻቸው አምጥተው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ የጣሏቸው ሴቶች አስፋልት ላይ ተኝተው ነበር። ሐምሌ 28 የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ፣ እዚህ ያለች አያት ከነልጅ ልጇ ኢሞውን ከፍታ አረንጓዴዋን ምልክት ስትጠብቅ ማደሯን ከጎረቤቴ ቤት አውቃለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በራ። «አለሁ እማ» አለች። ሌላ አላለችም፣ ቻርጅ አልነበራትም።

አሁን ያ ሁሉ አለፈ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ ዓለም አቀፍ የጤና ስጋት መሆኑ ማብቃቱን ያወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው። አራስ ጥየቃው ተመልሷል። ግሩፑ ግን አልፈረሰም። ዛሬም ሌሊት ሌሊት ይደምቃል። ከተማው ሰፍቷል፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት አይተዋወቅም፣ እናት ክፍለ ሀገር ናት። የእህቴ ዓይነት ኑሮ እዚህ አዲስ አበባም እየበዛ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ሊነሳ የሚገባው አሁን ነው። እነዚህን ግሩፖች መዝጋትም ሆነ ማናናቅ አይጠቅምም። እናቶች ከዚያ አይወጡም፣ መውጣትም የለባቸውም። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ ሌሊት ተረኛ የሆነ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ። ጤና ጣቢያ ተረኛ አዋላጅ እንዳለው ሁሉ፣ በየክልሉ በየቋንቋው ሁለት ሁለት አዋላጅ ለዚህ ቢመደቡ ወጪው ከባድ አይመስለኝም። ፓኬጁን ቴሌዎቹ በነፃ ሊሰጡ ይችላሉ። ስልክ የሌላት እናት ጋ የምትደርሰው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለሆነች፣ ለእሷ ደግሞ ጥሩ ስልክና የትራንስፖርት ገንዘብ ያስፈልጋታል። ያን ክረምት ዣንጥላዋም የራሷ ነበር።

ያቺን አዋላጅ ባለፈው ሳምንት በውስጥ መስመር ጠየቅኋት። አሁንም አለች። የራሷ ልጅ ሦስት ዓመቱ ነው። «በሌሊት ስንት ጥያቄ ትመልሻለሽ?» አልኳት። አልቆጠርኩም አለችኝ። «አንዳንዴ ፓኬጁ ያልቅብኛል። ከዚያ ጠዋት ስከፍት ሌሊት የጠየቀችውን አገኛለሁ። መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን ነው፣ ከዚያ ከስሩ ሌላ ሰው መልሶላት እንደሆነ።»